ቡናማው ሱፍ ዳግመኛ በኔቪል ሰግደን እጅ እንደ ገባ

ልብስ ለባሽ ሁሉ ይስማ፤ ያልሰማ ላልሰማው ያሰማ፦ ኔቪል ሰግደን አንድ ሱፍ ገዙ።

ይኸውም የሆነው ሚስታቸው ግሌንዳ በቤቱ ላይ በነገሡ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ የማሞቂያው ቦይለር ፈንድቶ በተጠገነ በማግስቱ ዓመት፣ በዘመነ ዝናም ነው፤ በእንግሊዟ ከተማ በሃደርስፊልድ ግን ዘመነ ዝናም ያልሆነ ዘመን ስለማይገኝ ጸሐፊው ወሩን ለይቶ መጻፍ አልተቻለውም።

ኔቪል ማን ናቸው ቢሉ፣ ሥዩመ ቁም ሣጥን፣ ዐቃቤ ሰደርያ፣ መዋዔ ብል፣ ዘእምነገደ ዮርክሸር፣ በሥራቸው መኪና መንዳት አስተማሪ፣ በቁመታቸው አጭር፣ በወርዳቸው ግን ማንንም የማያሳፍሩ፣ ባለቤቶቻቸው የሞቱባቸውን ሱፎች በኢንተርኔት ጨረታ እያሳደዱ የሚማርኩ ጀግና ናቸው። ከማረኳቸውም ሱፎች ሱሪያቸው መሬት የሚጠርግ ነበረ፤ እምብርታቸው ላይ ሲደርስ ከዚህ በላይ መንገድ የለም ብሎ የሚቆም ኮትም ነበረ። እርሳቸው ግን ልክ የሚባለውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበርና ቁም ሣጥኑን ካስገበሩ በኋላ ወደ እንግዳ ክፍል ዘመቱ፤ እርሱም ገበረ፤ ከዚያም የመታጠቢያ ቤቱን በር ይዘው ሰደርያ ሰቀሉበት፤ በመጨረሻም የአማታቸውን የወይዘሮ ዊኒፍሬድን ምርኩዝ የካፖርት መስቀያ ባደረጉት ጊዜ፣ ንግሥት ግሌንዳ ተቆጥተው በደረጃው ላይ ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ ኔቪል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሱፍ ሲገባ አንድ ሱፍ ይወጣል። ሳይወጣ የገባ አንድ እጅጌ እንኳ ካየሁ፣ እማዬንና ውሻውን ይዤ ዊትቢ እህቴ ጋ ነኝ። እራትህን ከኮቶችህ ጋር ብላ።»

ኔቪልም ሚስታቸውን ይወዱ ነበርና፣ ውሻውንም ይወዱ ነበርና፣ የስፌት ሜትራቸውን እንደ መስቀል ይዘው ማሉ። ነገር ግን የሚወጣውን መምረጥ እንደ መማል አልቀለላቸውም፤ በየማታው ከቁም ሣጥኑ ፊት ቆመው ይህ የሠርግ ነው፣ ይህ የለቅሶ ነው፣ ይህ ደግሞ ምናልባት የከሳሁ ቀን ነው እያሉ ሁሉንም ማሩ። ምሕረቱ በበዛ ጊዜ ግሌንዳ ራሳቸው ገቡና ከሁሉ ኋላ የተንጠለጠለውን፣ ኔቪል አንድ ቀን ብቻ ለግብዣ የለበሱትን ቡናማ ባለ ሦስት ቁራጭ ሱፍ አወጡት፤ ጎደለ ካለኝ እመልስለታለሁ፣ ካላለኝ ግን አያስፈልገውም ብለው በልባቸው ፈረዱ፤ በጓሮው አጥር ላይ ሰቅለው ፎቶ አንሥተው፣ «ባለ ጽጌረዳዋ» በሚል ስም በዚያው በባላቸው የጨረታ ገጽ ላይ አወጡት። የጻፉለትም መግለጫ ይህ ነው፦ «የወንድ ሱፍ። ቡናማ። አሮጌ። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።» ባዶው መስቀያ በቦታው ቀረ፤ ኔቪልም ጧትና ማታ በፊቱ አለፉ፤ ጎደለም አላሉም።

ወእምዝ፣ በሦስተኛው ቀን ኔቪል ያን ፎቶ አዩ። ባዩትም ጊዜ ሻያቸው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ለይተው አወቁት ወይስ አላወቁትም የሚለውን ጸሐፊው አያውቅም፤ የሚያውቀው በቁርስ ላይ ያስነገሩትን ብቻ ነው፦

«ማየት አልተከለከለም አይደል? እያየሁ ነው እንጂ አልገዛሁም። አንዲት ሻጭ አለች፣ ደንቆሮ፣ የያዘችውን አታውቅም። የእጅ ስፌት ነው እኮ። የለበሰው ሰውዬ ደግሞ ምስኪን፣ በርሜል ነበር መሰለኝ።»

ግሌንዳ እንቁላል እየጠበሱ ነበርና በግማሽ ጆሮ ሰሙት። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ግን በሙሉ ጆሯቸው ሰምተው አማቻቸውን ከአንገት እስከ ቀበቶ ተመለከቱ።

ኔቪልም ለሻጭዋ፣ እርሳቸው መሆናቸው በማይታወቅ የጨረታ ስም፣ ከተማሪያቸው አጠገብ በመኪና ተቀምጠው መልእክት ላኩ፦ «የተከበሩ ሻጭ፣ ከብብት እስከ ብብት ምን ያህል ነው?» ከሻጭዋም ዘንድ መልስ መጣ፦ «ከብብት እስከ ብብት ደረት አለ።» ዳግመኛ ላኩ፦ «በግራው ኪስ ገበር ላይ የመረቅ ጠብታ ይኖር ይሆን?» ዳግመኛ መጣ፦ «አለ። በምን አወቁ?» ለዚህ ግን መልስ አልሰጡም። ይህ ሁሉ ሲሆን ተማሪያቸው ወይዘሮ ፓርቪን፣ ውጪ ሳይባሉ የማይወጡ ታዛዥ ሴት ነበሩና፣ አደባባዩን ሲዞሩ ቆይተው እንዲህ አወጁ፦ «አቶ ሰግደን፣ ያንን ዳቦ ቤት ደጋግሜ ተሰናበትኩት፣ አሁንም እየመጣ ነው። ልውጣ ወይስ እዚሁ ልደር?»

ጨረታው የሚዘጋው እሑድ በምሳ ሰዓት ነበር። ሰልፉም እንዲህ ነበረ፦ በቀኝ ክንፍ ሹካ፣ በግራ ክንፍ ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር የተደበቀ ስልክ፣ በደጀን የተጠበሰ ሥጋና የመረቁ ማሰሮ፣ በግርጌ ውሻው ሞርቲመር የወደቀውን ሁሉ እየሰበሰበ፣ በላይ በኩል ግሌንዳ፣ በመስኮቱ በኩል ወይዘሮ ዊኒፍሬድ። የሚማርኩትንም ሱፍ በማስተማሪያው መኪና ኋላ ሊሸሽጉ አስበው ነበር። በማዶ ግን «ቀጭኑ ዘዳርሊንግተን» የሚባል፣ ፊቱ ታይቶ የማያውቅ፣ ኔቪልን ከዚህ በፊት አንድ ካፖርት ቀምቶ ያስለቀሰ ባላጋራ ተሰልፎ ነበር። ኔቪል ዋጋ ሰጡ፤ ቀጭኑ ጨመረ፤ ኔቪል ካሮት ቆረጡና ጨመሩ፤ ቀጭኑ ጨመረ፤ አማታቸው ጨው ጠየቁ፤ ኔቪል በርበሬ አቀበሉና ጨመሩ፤ ወኮነ ዐቢይ ፍርሃት፤ በመጨረሻዋም ቅጽበት፣ ቀጭኑ እስትንፋስ ሊስብ ባረፈበት፣ የጀግናው አውራ ጣት እንደ መብረቅ ወረደ፤ ጨረታውም ተዘጋ።

ያን ጊዜ ሁለት ስልክ ባንድነት ጮኸ።

አንዱ የኔቪል ነው። ሁለተኛው የግሌንዳ ነው። ግሌንዳም መነጽራቸውን አድርገው የገዢውን ስምና አድራሻ ጮክ ብለው አነበቡ፤ የመንገዱን ስም አነበቡ፤ የቤቱን ቁጥር አነበቡ፤ ከዚያም ተነሥተው ከደረጃው ሥር የታሸገ ጥቅል አምጥተው በመረቁና በድንቹ መካከል ጣሉት፤ እንዲህም አሉ፦

«የፖስታውን ከፍለሃል። እንካ፣ ደርሷል።»

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ጥቅሉን በሹካ ነካ አድርገው የሕግ ጥያቄ አነሡ፦ «ቆይ ልጄ፣ ይሄ አሁን የገባው ነው ወይስ የወጣው?»

ግሌንዳም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የውሻውን ገመድ በአንድ እጅ ይዘው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«የገዛ ሱፍህ መሆኑን አላወቅክም? ካላወቅክ፣ ሳታወጣ አዲስ ልታስገባ ነበር፤ መሐላህን አፍርሰሃል፣ ዊትቢ ነኝ። ካወቅክ ደግሞ፣ በእናቴ ፊት ደንቆሮ ያልከው እኔን መሆኑን እያወቅክ ነው፤ ያኔም ዊትቢ ነኝ። በርሜሉንማ እናቴም ለይታዋለች። ግን መረቁን እንዴት አወቅክ? የቱ እንደሆነ ሳልሰማ ባቡር ላይ አልወጣም፣ እዚያ ድረስ ይሄን ሳብሰለስል አብዳለሁ። ስለዚህ አንዱን በልና ልሂድ።»

ይህንም ብለው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

በባሕር ማዶ ጠላት ያሸነፈ ብዙ ነው፤ ከተማ የያዘም ብዙ ነው፤ የራሱን ኮት ከራሱ ሚስት፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ምሳ ላይ የማረከ ግን ከኔቪል በፊት አልተሰማም። ከዚህም ድል የሚበልጥ ድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ሁለት በር ተከፍቶላቸው፣ ሁለቱም ወደ ዊትቢ የሚያወጡ ሆነው ሳለ፣ መዋዔ ብል፣ ዐቃቤ ሰደርያ፣ ስማቸው ብል አይብላውና፣ በሁለቱም አልገቡም። ሚስታቸው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ፣ አማታቸው ሹካቸውን አንጠልጥለው ሲጠብቁ፣ ሞርቲመርም በገመዱ ጫፍ ሲጠብቅ፣ ጀግናው ድንቹን ወደ ሳሕናቸው ሳቡ፤ መረቅ አፈሰሱበት፤ ከዚያም ቀና ብለው ሳይጮኹ፣ ሳይስቁም፣

«አላብራራም» አሉ።