የሰናይት ካርድ በኦቦ ዱጉማ ኪስ

መቱ ውስጥ መተዋወቅ ማለት ስም ተለዋውጦ መለያየት አይደለም። ስማችሁን ብትናገሩ ማንም አይረካም። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ የት ሰፈር እንደምትኖሩ፣ እናታችሁ የጎሬ ትሁን የቡሬ፣ አክስታችሁ ያንን ባለ ሱቅ ያገባችው ትሁን አትሁን፣ ይህ ሁሉ ተጣርቶ መጨረሻ ላይ አንድ የጋራ ዘመድ ወይም አብረው የደረሱበት አንድ ለቅሶ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ ተዋወቅን ይባላል። ባጃጅ ውስጥ የተጀመረ ትውውቅ ባጃጁ ደርሶም አያልቅም፤ ሾፌሩ ራሱ ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ነው እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሰናይት ያቺን ካርድ ይዛ ብቅ ያለችው። የላከችላት አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ናት። ሲያዩዋት ተራ ፕላስቲክ ናት፤ ዘመናዊ ስልክ ጀርባ ላይ ጠጋ ሲያደርጓት ግን የሰናይት ስም፣ ስልክ ቁጥሯ፣ የምትሸጠው ማር ፎቶ፣ ቀፎው የተሰቀለበት ጫካ ሳይቀር ስልኩ ላይ ይወጣል። ገመድ የለ፣ መጻፍ የለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና መጀመሪያ ጥንቆላ መሰለኝ ብል ትስቁብኛላችሁ። መስሎኝ ነበር። ትልቁ ጥቅሟ፣ አለችኝ ሰናይት፣ እንደ ወረቀቱ ካርድ አሳትሞ መበተን የለም፤ አንዷ ለሁሉም ትበቃለች፤ አስነክቶ ወደ ኪስ መመለስ ነው። ወደ ኪስ መመለስ የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሰናይት ከሁሩሙ ማር እየሰበሰበች፣ እያጣራች፣ በጠርሙስ እያሸገች በትንሽ ሱቋ ትሸጣለች። ማሩስ ማር ነው። ገዢዎቹ ግን እኛው ነን፤ እኛ ደግሞ ዘመድ ስለሆንን በዘመድ ዋጋ ነው የምንገዛት። ሱቁ አላዋጣ ሲላት ቁርጧን ነገረችኝ፦ በከተማው አዳራሽ በሚደረገው የነጋዴዎች መገናኛ ከአዲስ አበባ ከሚመጡት አንድ ቋሚ ገዢ ካገኘች ትቆያለች፤ ካላገኘች ሱቁን ዘግታ ወደ ጓደኛዋ ትሄዳለች። እህቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ ያለው በዚህች ልጅ ነው፤ እኔም ከእሷ ባላነሰ ተጨነቅሁ።

በዕለቱ አዳራሹ በር ላይ ኦቦ ዱጉማ ቆመው ጠበቁን። ለሰናይት ማር ከሚያቀርቡት የሁሩሙ ንብ አርቢዎች ሁሉ ታላቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ማራቸው ገዢ ሲያገኝ ለማየት የክት ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሽማግሌ ቆሞ ወደ ሌላ አይታለፍም። ሰናይት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ አንድ በአንድ ተጠያይቆ ሲያበቃም፣ «ዛሬ ገዢ የምታመጣልን ይቺ ናት» ብላ ካርዷን ልታሳያቸው ዘረጋች። ኦቦ ዱጉማ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። «ገላቶሚ፣ ኢንተላ ኮ። ተባረኪ ልጄ፣ እደጊ» ብለው መረቋትና ኮታቸውን ገለጥ አድርገው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

ሰናይት እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተመርቆባት ሽማግሌ ኪስ የገባች ነገር «ይመልሱልኝ» አትባልም። ሰጥቶ መንሳት በእኛ ዘንድ ከስርቆት አይተናነስም፤ እንዲያውም ሌባ ይሻላል፣ ቢያንስ አስቀድሞ አልሰጠም።

አዳራሹ ከገባን በኋላ አንዲት የአዲስ አበባ ነጋዴ የሰናይትን ማር ቀመሰች፤ ደግማ ቀመሰች። መኪናዋ ውጪ ይጠብቃታል። ስልኳን ዘረጋችና «ካርድሽን አስነኪኝ» አለቻት። ኦቦ ዱጉማ ከጎናችን ቆመው በኩራት ያያሉ።

«ዛሬ አልያዝኩም» አለች ሰናይት።

ሴትየዋ ቁጥሩን በቃል ተቀብላ እየተራመደች መዘገበችው፤ በሰናይት ስም ፋንታ «ማር» ብላ። ሰናይት በዓይኗ አይታዋለች። ኢሉባቦር መጥታ ከዚያ በፊት ስንት «ማር» እንደመዘገበች እግዜር ይወቅ።

ልጅቱ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ሰነበተች። አልተደወለም። ሁሩሙ ሄጄ ካርዷን ላምጣልሽ ብላት «ሰጥቼ?» አለችኝ፤ ወሬው በዚሁ አበቃ። ምናልባት ካርዷም ብትነካ ሴትየዋ አትደውልም ነበር ይሆናል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ብነግረውም አልጽናና ብያለሁ። ሱቁ ተዘጋ፤ ሰናይት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ቤቱም ጭር አለብኝ።

ከረም ካለ በኋላ ኦቦ ዱጉማ በሬን አንኳኩ። ካርዷን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጅቱ ሄደች ሲሉኝ፣ ይቺን ዕቃዋን ትፈልጋት ይሆናል ብዬ ነው» አሉኝ። «የእኔ ስልክ እንኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ ምን ላደርግባት። እምቢ ብላት ቅር እንዳይላት ብዬ ነው የተቀበልኳት።»

አመስግኜ ተቀበልኳቸው። እሳቸው እሷን ቅር እንዳይላት ተቀበሉ፤ እሷ እሳቸውን ቅር እንዳይላቸው ዝም አለች፤ እኔ ሁለቱንም ቅር እንዳይላቸው ጣራ አየሁ። ሦስት ጨዋ ሰዎች ተጋግዘን ሱቅ ዘጋን።

ሽማግሌው እንደወጡ ደወልኩላትና ነገርኳት። ሳቀች።

«ጋሼ» አለችኝ። «በካርዷ ምክንያት እንደሄድኩ እንዳይነግሯቸው፣ አደራ። ካርዷንም ለምን ተቀበሏቸው? ሰጥቻቸው የለም እንዴ? ይመልሱላቸው፤ ቅር ይላቸዋል።»

ይኸው፣ የሁሩሙ ሚኒባስ እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው።