ወረፋ የያዘው ሸርጣን

ድንጋይ ተሸክሞ የተሰደደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ደርግን ሸሽተን ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንሻገር ሌላው ሰው ብርድ ልብስ ያዘ፤ የሳይንስ መምህራችን መምህር ምትኩ ግን ከዓባይ በረሃ ያገኙትን ድንጋይ ይዘው መጡ። የሸርጣን ዘመድ የሆነ የጥንት ፍጡር ቅርጹ ታትሞበታል።

«ይሄ ይኖር የነበረው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው፤ አገራችን ባሕር ነበረች» ይሉናል። «እግሮቹን እዩ፣ አንዱም አልተሰበረም። ውሃው የረጋ ነበር ማለት ነው።»

እኛ የምንጠጣው አጥተን እሳቸው ባሕር ያወሩልናል። ምን ይባላል?

በካምፓችን የውሃ ቦቴ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ የሚቆም የለም። ሁሉም በተራው ቦታ ድንጋይ ያስቀምጥና ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። መምህር ምትኩም ያንኑ ድንጋያቸውን አሰለፉ። ሦስት ቀን ቦቴው አልመጣም፤ ከዝናብ ኩሬው ጭቃ እያጠለልን ጠጣን። በአራተኛው ቀን ድንጋያቸውን አንስተው አቧራውን ሲጠርጉ ደረስኩ።

«ይሄ ሸርጣንም ውሃው ይመለሳል ብሎ ይሆን የቀረው?» አልኳቸው፣ ላስቃቸው ብዬ።

«ይመስለኛል» አሉና መልሰው ከሰልፉ አስቀመጡት።