በመታጠቢያ ቤት የተወሰነው የቤተሰብ ዕረፍት

ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ

ቦታ፦ መታጠቢያ ቤት (ከልጆች የሚያስጥል መቀርቀሪያ ያለው ክፍል በቤቱ ውስጥ ይኸው ብቻ በመሆኑ)

የተገኙ፦
1. አባት፣ የመኪና መንዳት አስተማሪ፦ ሰብሳቢ (የገንዳው ጠርዝ ላይ)
2. እናት፣ ፋርማሲስት፦ አባል (የመጸዳጃው ክዳን ላይ)
3. አያት፣ የእናት እናት፦ የክብር አባል (ከሳሎን በመጣላቸው ወንበር ላይ)
4. አክስት፣ የአባት ታናሽ እህት፦ ጸሐፊ (የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ)

ያልተገኙ፦ ትልቋ ልጅ፣ መካከለኛው (በቅጽል ስሙ ጠበቃው) እና ትንሿ ሚጢ። ሆን ተብሎ አልተጠሩም።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል፤ ለአምስተኛ ሰው ቦታም አልነበረም።

አጀንዳ 1፦ የት ይኬድ?

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ዓምና ከባሕሩ ዳርቻ የመጣው አሸዋ እስካሁን ከመኪናው ወንበር ሥር እየወጣ መሆኑን አስታውሰው ዘንድሮ ተራራ እንዲኬድ ሐሳብ አቀረቡ። እናት በበኩላቸው ተራራም ሆነ ባሕር ግድ እንደሌላቸው፣ ብቻ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ መተኛት፣ ሌላ ሰው የሠራውን መብላትና ያንን ሰው ደግሞ ጨርሶ አለማወቅ እንደሚፈልጉ አስረዱ። አያት ሁለቱንም ተቃወሙ። ውሃ ካለ ልጆቹ ይሰምጣሉ፣ ተራራ ካለ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ ወዳለው የእህታቸው ቤት ይኬድ አሉ። ሰብሳቢው፣ «እማማ፣ እዚያ እኮ ልጆቹ በመሰላቸት ያብዳሉ» ቢሏቸው፣ «ይበዱ! ያበደ ልጅ በእጅ ይያዛል፤ የሰመጠን በምን ታወጣዋለህ?» ሲሉ መለሱ።

በመካከሉ በሩ ተንኳኳ። ሚጢ ሽንቷ መምጣቱን አሳወቀች። እናት፣ «ያንቺ ሽንት ደግሞ ወሬ ሲኖር ነው የሚመጣው!» ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ ጠበቃው ከበሩ ማዶ «እየሰማን እንደሆነ እንዳታሳብቂ አላልኩሽም?» ሲል ስለተሰማ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። ድምፅ እንዳይወጣ ሰብሳቢው ቧንቧው እንዲከፈት አዘዙ። አያት «ውሃ እንዲህ ይደፋል?» ብለው ስለተቆጡ በስምምነት በግማሽ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ ልጆቹ መስማት ተሳናቸው፤ አባላቱም እርስ በርስ መደማመጥ ስላልቻሉ መጮህ ጀመሩ፤ በኋላ እንደታወቀው ልጆቹም እንደገና ሰሙ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከመስኮቱ ተራራ የሚታይ፣ ሐይቅ ዳር ያለ፣ ግቢው ግን ሜዳ የሆነ ሆቴል እንዲፈለግ፣ አያትም ወደ ሐይቁ እንዳይመለከቱ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማን ከማን ጋር ይተኛ?

ሁለት ክፍል እንዲያዝ፣ በአንደኛው ባልና ሚስት፣ በሁለተኛው አያት፣ ሦስቱ ልጆችና አክስት እንዲያድሩ ሰብሳቢው አቀረቡ። ጸሐፊዋ፣ እሷን የጠየቀ ሰው ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ፈለገች። ሰብሳቢው፣ «እህት ዓለም፣ አንቺ እኮ ልጅ ትወጃለሽ» አሉ። ጸሐፊዋ፣ «እወዳለሁ፤ ቆመው ሲሄዱ። ሚጢ ግን የምትራገጠው ተኝታ ነው» ስትል መለሰች። አክላም ዘንድሮ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ወደ ባሕር ለመሄድ ማሰቧን ገለጸች።



እናት፣ «ከነማን ጋር?» ሲሉ ከአጀንዳ ውጪ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ከዘረዘረቻቸው መካከል አንድ መሬት ቀያሽ በመገኘቱ፣ አያት የቀያሹን ቁመት፣ ጠባይና የእናቱን ጤንነት የሚመለከቱ ጥያቄዎች አከታትለው አነሱ። ሰብሳቢው ቀያሹ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንዲታይ አዘዙ።

በተሰጠው ድምፅ፣ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ፣ አክስት ከቤተሰቡ ጋር እንድትሄድ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ተቃውሞዋ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠየቀች፤ ሰፍሯል። የምትጽፈው ራሷ በመሆኗም ደግማ አስፍራዋለች፦ ተቃውማለች።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወደ ቀያሹ ከመገባቱ በፊት እናት ለመውጣት መቀርቀሪያውን ሲያዞሩ እጀታው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ሰብሳቢው፣ «አትንኩት! እኔ አውቅበታለሁ» አሉ። ካወቁበት በኋላ ብሎኑም በገንዳው ቀዳዳ ገባ። አያት አየር እንዳጠራቸው ስላመለከቱ ልጆቹ ተጠሩ።

ትልቋ፣ ካቻቢቴው ያለበትን ቦታ እንደሚያውቁ፣ ሆኖም እነሱም ስብሰባ ላይ መሆናቸውን በበሩ በኩል አስታወቀች። ሰብሳቢው በቁጣ፣ «በሩን ክፈቱ ብያለሁ!» አሉ።

ጠበቃው፣ «አባዬ፣ መጀመሪያ የወሰናችሁትን ሰርዙ» አለ።

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ትልቋ፣ «አክስቴን አታስገድዷት። ስትገደድ ታኮርፋለች፤ ስታኮርፍ ደግሞ አታስቀንም» አለች። ጸሐፊዋ ይህን ከሥሩ አስምራበታለች። ጠበቃው ቀጥሎ፣ ሆቴሉ ቢኖርም ባይኖርም ግድ እንደሌላቸው፣ መኪናው ግን ቤት እንዲቀር ጠየቀ። «ዓምና አባዬ መንገዱን ሙሉ የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ ሲያርም ነው የሄደው። እኛ ከኋላ ሆነን ያየነው ማጅራቱን ነው። በአውቶቡስ እንሂድና አጠገባችን ይቀመጥ።»

ሰብሳቢው ፊታቸውን ወደተሰቀለው ፎጣ አዙረው ቆዩ። እናት ተነሥተው ቧንቧውን ዘጉት። ከዚያ ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በአውቶቡስ ወዴት?» ብለው ጠየቁ። ሚጢ፣ «ሩቅ!» አለች። አያት፣ ሩቁ ሜዳ ከሆነ እንደማይቃወሙ አስመዘገቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ቤተሰቡ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሆነ ልጆቹ ይነግሩታል። አክስት ወደ ባሕር ትሄዳለች።

ስብሰባው በሩ በተከፈተበት ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተዘጋ።

ጸሐፊ፦ ፈርማለች።

ሰብሳቢ፦ አውቶቡሱ ላይ መስኮቱን ማን ይይዛል በሚል ከጠበቃው ጋር ክርክር በመግጠማቸው ለጊዜው አልፈረሙም።