የሁዳዴ ሰኞ ድስት

ባለቤቴ ዘውዴ በነሐሴ ሞተች።

ሰው ሲሞት ለቅሶ ደራሽ አይጠፋም። ዳስ የሚጥል ይመጣል፣ የሚያጽናና ይመጣል፣ የሚበላም ይመጣል። ሁሉም እንባውን ጠርጎ ሲሄድ ቤት ውስጥ የሚቀረው ያልታጠበ ዕቃ ነው። ስለዚህ ነገር አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው ለምን የለም? እኔ ዳዊት ደግሜአለሁ፣ ጽሕፈትም እችላለሁ፤ የድስት አስተጣጠብ ያስተማረኝ የኔታ ግን የለም። በእኛ አገር ወንድ ልጅ በሬ ይጥላል፣ ያርዳል፣ ይበልታል። በሬው የተቀቀለበትን ድስት ሲያጥብ የታየ እንደሆነ ግን ወሬው ከደብረ ማርቆስ አማኑኤል ለመድረስ በቅሎ አያስፈልገውም።

እኔ ታየሁ። ምን ላድርግ? ገና አፏን የፈታች ልጅ አለችኝ፤ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ስሟን ያወጣችላት እናቷ ናት። ማንጠግቦሽ ደግሞ በቆሸሸ ጣባ አትበላም፤ አፍንጫዋን ይዛ ታየኛለች።

ዘውዴ ዕቃ የምታጥበው በአመድና በፈላ ውሃ ነበር። እኔ አመዱን አይቼ ውሃው መፍላቱን ልብ ሳልል ኖሬአለሁ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ስፈትግ ከረምሁ። ስቡ ከድስቱ አልወጣም፤ አመዱም እዚያው ቀረ።

በጥር አማቴ እመት አስካለ ከሉማሜ ሰው ላኩብኝ። መልእክታቸው አጭር ነው። የሁዳዴ ሰኞ እመጣለሁ፤ ቤቱን አያለሁ፤ ድስቱን አሸታለሁ፤ ቤቱ ቤት ካልሆነ የልጄን ልጅ በበቅሎዬ ይዤ እመለሳለሁ። ፈርቼ እንቅልፍ አጣሁ። የጾሙን ድስት ለቅሶ የመጣ ሰው ሰብሮታል። የቀረኝ ድስት ሥጋውንም ሽሮውንም የሚችል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠረኑ ቅበላ ቅበላ ይላል።

ለምን ሳሙና አትገዛም ትሉኝ ይሆናል። ከተማው ውስጥ የጣሊያን ሳሙና ሞልቷል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ያልሞላ ምን አለ? ሹም ሞልቷል፣ ኬላ ሞልቷል፣ ጆሮ ጠቢም ሞልቷል። ነገር ግን የአማቴ የመጨረሻ ልጅ ዱር ገብቷል። ቤቴ የጣሊያን ሳሙና ከሸተታቸው ልጄን ብቻ ሳይሆን ስሜንም ይዘውት ይሄዳሉ። ሉማሜ ሲደርሱ እኔ ባንዳ ነኝ።

ጎረቤቴ አያ ካሣ የጣሊያኖች ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አጣቢ ነው። ይታማል፤ ግን እንጀራ ሆኖበት ነው። ችግሬን ባዋየው ሳቀብኝ። እዚያ ሳሙና ሲያልቅ ወጥ ቤቱ ራሱ ይሠራዋል፤ የአመድ ውሃና ሞራ አንድ ላይ ያፈላል፣ ያማስላል፣ በቃ ሳሙና ሆነ አለኝ። አያ ካሣ፣ ሞራ እኮ ስብ ነው፤ ስብ እንዴት አድርጎ ስብ ያወጣል ብዬ ብጠይቀው፣ ያገሩ ልጅ አይደል፣ ጠርቶ ያወጣዋላ አለኝ። ይህን የመሰለ ማብራሪያ ከተሰጠ በኋላ ማን ይጠይቃል?

ሐሙስ ዕለት፣ ቅበላው ሳያልፍ፣ ቅርጫ ገባሁ። መደቡ ሲደለደል ከሥጋው ቀንሱና ሞራውን ጨምሩልኝ አልሁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ፣ ምስኪን፣ ሞራ ሊያስነብብ ነው፤ ሚስቱ በምን እንደሞተች ሊያስጠይቅ ነው ብሎ አንሾካሾከ። ሌላው፣ ምን በወጣው፣ ቀጣዪቱ ከየት እንደምትመጣ ሊያስነብብ ነው እንጂ አለ። ሞራው ለድስት ማጠቢያ ነው ብል ማን ያምነኛል? ተሸክሜ ሄድሁ።

ታቹ የተሸነቆረ ማሰሮ ፈልጌ፣ ጭድ ጎዝጉዤ፣ በላዩ የወይራ አመድ ሞላሁበት። ውሃ ሳፈስበት ከሥር ቡናማ ነገር ጠብ ጠብ ይል ጀመር። በጣቴ ብነካው ለበለበኝ። ማንጠግቦሽን ለአያ ካሣ ሚስት ሰጥቼ፣ ሞራውን አቅልጬ፣ ዓርብን ሳማስል ዋልሁ። ማንም የማይበላው ገንፎ ሲያማስል የዋለ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያ ካሣ በበሩ ብቅ ብሎ፣ ማህሉን ጎድጎድ አድርገህ ቅቤና በርበሬ ጣል አድርግበት ብሎኝ አለፈ።

ሲያድር እንደ ማር የሚዝለገለግ ሆኖ ጠበቀኝ። ጥቂት ዘግኜ በሙቅ ውሃ ባሸው አረፋ! እውነተኛ አረፋ! ነጋሪት ቢኖረኝ አስጎስም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማንጠግቦሽና እኔ ትልቁን የእንጨት ገበታ ደጅ አውጥተን ሥራ ጀመርን። ድስቱ ታጠበ። ጣባው፣ ዋንጫው፣ ጭልፋው ታጠበ። ሌላ የሚታጠብ ሲጠፋ መቃኑን አጠብነው። ማንጠግቦሽ አረፋው እስከ ክርኗ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ አንድ እፍኝ አነሣችና ጢሜ ላይ ለጠፈችልኝ። አየችኝና ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ያለፈ ሰው ቢኖር፣ ይህ ሰውዬ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው ሳይል አልቀረም። ይበል።

እመት አስካለ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ማሽተት የጀመሩት ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ነው። ጓዳ ገቡ። ጣታቸውን በድስቱ ውስጥ አዞሩ፤ ድስቱ ሲጥ አለ። እንደገና አዞሩ፤ እንደገና ሲጥ አለ።  ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዚያው ድስት የሠራሁትን ሽሮ አቀረብሁ። በሉ፤ ጨምር አሉኝ፤ ጨመርሁ። ልጄ ቀረችልኝ ብዬ በሆዴ እልል አልሁ።

በመካከል ጉርሻቸውን እንደያዙ፣ ለመሆኑ ማናት አሉኝ። ማን፣ እሜቴ? አልሁ። ይህን ድስት ያጠበችው ናታ! የልጄ ሙት ዓመት እንኳ ሳይደርስ ሴት አስገባህ!

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ስንት ቀን የደከመ ሰው፣ ድካሙ ለሌላ ሲሰጥበት ዝም ይላል? ማሰሮዬን አምጥቼ ከፈትሁላቸው። ሴት የለችም እሜቴ፣ ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ በሠራሁት ሳሙና አልሁ። የጣሊያን እጅ የለበትም? አሉ። በጭራሽ! ያገራችን አመድ ነው። አመድ ብቻ? አሉ። አመድና የበሬ ሞራ ነው አልሁ፤ ደረቴን ነፍቼ።

እመት አስካለ የያዙትን ጉርሻ አዩት። ከዚያ ድስቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ለእኔም ገባኝ። የበሬ ስብ ከድስቱ ላወጣ ብዬ፣ ድስቱን በሁዳዴ ሰኞ በበሬ ስብ አሽቼዋለሁ!

ጉርሻውን ጣሉት። በሁዳዴ ሰኞ! እኔን! በዚህ ዕድሜዬ! ጣሊያን ያላስገደፈኝን አንተ አስገደፍኸኝ! ድስት ያልለየ ሰው ልጅ ያሳድጋል? ተነሥ በቅሎዬን ጫን! አሉኝ። ጫንሁ። 

ማንጠግቦሽን ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ፣ እሷ ለካ ገበታው ዘንድ ደርሳ ተመልሳለች። እፍኟን ሙሉ አረፋ ጉንጫቸው ላይ ለጠፈችላቸው። አየቻቸውና ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው፤ መጀመሪያ እንደመታፈን ይልና ኋላ ይፈነዳል።

እመት አስካለ እንደጎነበሱ ቀሩ። አረፋውን አልጠረጉትም። ዘውዴም እንዲህ ነበረች አሉ። ለእኔ የተናገሩት አይመስለኝም።

ቀና ሲሉ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር። ምን ቆመህ ታያለህ፣ በቅሎዋን አራግፍ አሉኝ። ሁዳዴን እዚሁ እጾማለሁ፤ አንተንና ይህን ድስት ያለ ጠባቂ ትቼ አልሄድም። ነገ ጠዋት ግን ቄሱ ዘንድ ሄጄ ንስሐ እገባለሁ፤ አንተም ከኋላዬ ትከተላለህ። አንድ ሰው ሊወስዱ የመጡት አማቴ በቤቴ አንድ ሰው ጨመሩ። ድስቱን በአመድና በፈላ ውሃ፣ ከአጠገቤ ቆመው አሳጠቡኝ።

ስጨርስ ወደ ማሰሮዬ ጠጋ አሉና፣ ለመሆኑ ያ ነገር ተርፏል? አሉኝ። የቱ፣ እሜቴ? ያ አረፋው ነዋ። ተርፏል አልሁ። ነጠላቸውን አውልቀው ወረወሩልኝ፤ የሉማሜ መንገድ አቧራ አልብሶታል። ነጠላ አይበላ፣ አይጠጣ፣ ምን ጾም አለበት አሉ።

እኔም ጀምበር ሳትጠልቅ፣ እመት አስካለ ስለ በሬው ሞራ ንስሐ ሊገቡ ለብሰውት የሚሄዱትን ነጠላ፣ በበሬው ሞራ አጥቤ፣ በረዶ አስመስዬ አሰጣሁት።