የሰፉት ኃላፊና የቀጠንኩት እኔ

እኔ ትርፊት፣ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ሻጭ፣ በመንግሥት እጅ የቀጠንኩ ሴት ነኝ። በረሃብ አይደለም፤ በኮምፒውተር ነው። ይህን ቅሬታ ለዓመታት ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ያቀጠነኝን መሥሪያ ቤት ላመሰግነው ተነስቻለሁ። ስሙን የማልጠራው ምስጋና ስለማይወድ ነው።

ያኔ ሞዴል ነጋዴ ተብዬ ተመረጥኩ። ኃላፊው አቶ ብዙነህ የምስክር ወረቀት ሲሰጡኝ አብረን ፎቶ ተነሳን። እኔ ያኔም አሁንም ወንበር የምሞላ ሴት ነኝ። እሳቸው ግን ከጎን ሲታዩ የሚጠፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ፎቶው በመሥሪያ ቤቱ መጽሔት ሽፋን ይወጣል ሲባል፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ቀሚሴን ተኩሼ ላየው ሄድኩ። መጽሔቱን በኮምፒውተር የምታዘጋጀው ሂሩት ፎቶውን ለሁለት ከፍላ፣ እሳቸውን በግራ እኔን በቀኝ አድርጋ ነበር። አቶ ብዙነህ ከጀርባዋ ቆመዋል።

«የምክትሌ ፎቶ ውስጥ ገጽ ላይ ምን ያህላል?»

«ከእርስዎ እኩል ነው።»

«እኩል?» አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይህ የአሠራር ክፍተት ነው። በአስቸኳይ አሳድጊኝ።»

«እሺ፣ ከማዕዘኑ ልሳበው። ቁመቱም ስፋቱም አብሮ ያድጋል፤ መልክዎ አይበላሽም።»

«ቁመቴ ካደገ ርዕሱን እሸፍናለሁ። ርዕሱ ምን ይላል?»

«ሕዝብ ይቅደም።»

«እሱ ላይ መቆም አይገባም። ወደ ጎን ሳቢኝ።»

«ወደ ጎን ብቻ ከሳብኩዎት ይሰፋሉ እኮ!»

«መስፋት ምን ነውር አለው? መሥሪያ ቤቱስ እየሰፋ አይደል?»

«ቦታ የለም፤ እትዬ ትርፊት አሉ።»

«እሳቸውን ግፊያቸው። ሕዝብ ለልማት ቦታ ይለቃል።»

ሂሩት አንድ ጊዜ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ገፋችኝ። ዓይኔ እያየ ጉንጬ ገባ፣ አንገቴ የሸንኮራ አገዳ ሆነ። እሳቸው በበኩላቸው የእህል ጆንያ አከሉ።

«ኧረ አለቅኩ!» ብዬ ጮህኩ።

«በምስል ደረጃ ብቻ ነው፣ ወይዘሮ ትርፊት» አሉኝ በፈገግታ። «መሬት ላይ ያለው እውነታ አልተነካም።»

መጽሔቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሽፋኑ እጅግ አማረ ተብሎ በትልቅ ባነር ታተመና መናኸሪያው በር ላይ ተሰቀለ። ከዱራሜ የመጣው፣ ከሾኔ የመጣው፣ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን አጥንት ሆነ። ቅቤ ሻጭ እንዲህ ከስታ ማን ይገዛታል? የቆዩ ደንበኞቼ ሳይቀሩ ቅቤዬን እያሸተቱ ያልፉኝ ጀመር። ከጃጁራ ያመጣሁት ቅቤ ኮባው ውስጥ እንዳለ ሰነበተ።

«አንቺ፣ የራስሽን ቅቤ ትፈሪያለሽ እንዴ?» አለችኝ አጠገቤ የምትሸጠው ረምላ።

«ይኸው ቆሜ እየታየሁ አይደል? የትኛዬን ታምኛለሽ?»

«እኔማ አንቺን። ገበያተኛው ግን መንግሥት የሰቀለውን ያምናል።»

በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ወይ ባነሩ ይውረድ ወይ እኔ ልስፋ አልኩ። ቤቱ ሰፊ ውይይት አደረገ። ቅሬታዬ ተገቢ ሆኖ ተገኘ፤ ተመዘገበ፤ አቅጣጫም ተቀመጠበት። አቅጣጫው፣ እኔ ራሴን ከጠባብ አመለካከት እንዳላቅቅ የሚል ነበር። ተጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ።

ባነሩ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ዓመታት ቆየ። በኋላ አዲስ ዕቅድ መጣና አዲስ ባነር ተሰቀለ። አሮጌውን ዘበኛው አውርዶ ሲጠቀልለው ደረስኩ።

«ለዳስ ይሆነኛል፣ ስጠኝ።»

«ውሰጂው። ኃላፊውን ግን መሬት ላይ እንዳትጎትቻቸው።»

አልጎተትኳቸውም። ቤቴ ወስጄ አጠብኳቸው። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተር አላውቅም፤ መቀስ ግን አውቃለሁ። ባነሩን መሃሉን ቆረጥኩት። እኔን ከቅቤ መሸጫዬ በግራ፣ አቶ ብዙነህን በቀኝ ሰቀልኩ። ሂሩት ጽሑፉን በትልቁ አትማ ሰጠችኝ። በእኔ ላይ «ከትርፊት ቅቤ በፊት»፤ በእሳቸው ላይ «ከትርፊት ቅቤ በኋላ»።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቅቤውም እስከ ቀትር አለቀ። ሹፌሮች ሳይቀሩ መኪና አቁመው «ያ ኃላፊ የበላውን ስጪን» ይሉኝ ጀመር።

በሳምንቱ አቶ ብዙነህ ራሳቸው መጡ። ረምላ ሚዛኗን ጥላ ሸሸች። እኔም ታሰርኩ ብዬ ነጠላዬን አጠበቅኩ። እሳቸው ምስላቸውን ከታች እስከ ላይ አዩት። ወደ ኋላ ሄደው አዩት።

«ወይዘሮ ትርፊት፣ ይህ ተገቢ አይደለም።»

«ምኑ ጌታዬ?»

«በመቀስሽ ክርኔን ቆርጠሽዋል። ስፋቴ ጎድሏል።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ተረጋግተው በምስላቸው ጎን ያለውን ባዶ ግድግዳ አሳዩኝ።

«በአዲስ አሳትሜ ልላክልሽ፤ እስከ ግድግዳው ጫፍ ድረስ እሰፋለሁ።»

«ምን ላድርግ ጌታዬ» አልኳቸው ሁለት ኪሎ ቅቤ በኮባ እየጠቀለልኩላቸው፤ «ምክትልዎ ትናንት ቦታውን ይዘውታል። ሂሩት ዘንድ ናቸው፤ በሁለቱም ጎን እያስሳቡ ነው።»