ጣቢያ የተለጠፈበት ጠርሙስ

ባቡር ያለ ሹፌር ይነሳ እንደሆን እንጃ፤ የራሱን አረቄ በካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ የሚሳፈር አንድ ሰው ሳይጭን ግን ከለገሃር ተነስቶ አያውቅም። የሚጠራጠር ካለ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሮ ይየው። ሌላው ተሳፋሪ ዳቦና ቆሎ ሲቋጥር እሱ ጠርሙስ ይጠቀልላል። ሌላው መስኮት አጠገብ ለመቀመጥ ሲጋፋ እሱ ሁለት ወፈር ያሉ ሰዎች ፈልጎ መሐላቸው ይሰነቀራል፤ ባቡሩ ሲንገጫገጭ እንዳይፈስበት ነዋ! ጣቢያ ላይ ቀዝቃዛ ቢራ ሲያዞሩ ፊቱን ያዞራል። "የማላውቀው ሰው የጠመቀውን?" ይላል፤ የእሱን አረቄ ያወጣችውን ሴትዮ እስከ ሰባት ቤቷ የሚያውቃት ይመስል።

በደርግ ዘመን የዚህ ወገን ሊቀ መንበር፣ ያለ ምርጫና ያለ ተቀናቃኝ፣ የሲግናል ሰፈሩ ክቡር አቶ ተክለጻድቅ ነበሩ።

አስቴር የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። በጤና ጣቢያ ቁስል የምታጥብ ድሬሰር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በጋቢ ጠቅልላ የምታስቀምጥ የጌታ ልጅ። ረቡዕ ረቡዕ ከጥቂት ምእመናን ጋር መጋረጃ ዘግታ ስትጸልይ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ ያቀረበችው አንድ ልመና ነበራት፦ "ጌታ ሆይ፣ ጋሼ ተክለጻድቅ ያንን ጠርሙስ ይጣሉት።"

ጠርሙሱስ እንዲሁ ጠርሙስ ብቻ ቢሆን! አቶ ተክለጻድቅ በሙያቸው የመሬት ቀያሽ ረዳት ናቸው። በጉብዝናቸው ገመድ እየጎተቱ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ልብሳቸው ላይ እስኪቀር ድረስ፣ የእንጦጦን ተረተር ከዳር እስከ ዳር ለክተውታል። ኋላ የእርሻ መሬት ለመለካት በየወሩ በባቡር ወደ አዋሽ ሲወርዱ፣ በመንገድ ላይ የሚለካ ነገር ያጣው እጃቸው ወደ ጠርሙሱ ዞረ። አንድ ቀን "ተረከዜ ተሰነጠቀ" ብለው ከአስቴር ፕላስተር ለመኑ። ያቺ የዋህ ሰጠቻቸው። ተረከዙ እንደተሰነጠቀ ቀረ፤ ፕላስተሩ ግን በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ ጠርሙሱ ላይ ተለጠፈ፤ በየቁራጩም ላይ በኮፒያ እርሳስ ስም ተጻፈበት። አንገቱ ላይ ለገሃር። ትከሻው ላይ አቃቂ። ደረቱ ላይ ሞጆና ናዝሬት። ሆዱ ላይ መተሐራና አዋሽ። ወረድ ሲል ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር። ቂጡ ላይ ድሬዳዋ።

"ልኩ ይጠበቅ!" ነበር መፈክራቸው። ባቡሩ አቃቂ ሳይገባ አረቄው ከአቃቂ በታች ከወረደ ነውር ነው። ባቡሩ ከዘገየም እሳቸው ይዘገያሉ። ቲኬት ፈታሹ ኢታና የእጅ ሰዓት እያለው እሳቸውን ይጠይቅ ነበር።

"ጋሼ፣ የት ደረስን?"

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያነሱና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ሞጆ ልንገባ ሁለት ጉንጭ ቀርቶናል" ይሉታል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያንጎራጉራሉ፤ ፉርጎው ሁሉ በጭብጨባ ይቀበላል፦

አቃቂ ሲደርሱ ጠብታ ለጉሮሮ፣
ሞጆ ላይ ጀመረ የልቤ ከበሮ።

በዚህ ጠርሙስ ያልደረሰባቸው የለም። አንድ ጊዜ ዱከም ሲደርሱ አንዲት ወይዘሮ ራሷን ስታ ወደቀች፤ እሳቸውም ለጋስ ናቸውና እጅ እግሯ በአረቄ እንዲታሽ ፈቀዱ። ሴትዮዋ ነቃች፤ አረቄው ግን ከአቃቂ ተነስቶ በአንዴ አዋሽ ገባ። አቶ ተክለጻድቅ ጠርሙሱን አዩ፣ በመስኮት የዱከምን ጤፍ ማሳ አዩ፣ ከሁለቱ ጠርሙሱን አመኑና ዘለው ወረዱ። የቅየሳው ቡድን አዋሽ ላይ ሁለት ቀን ጠበቃቸው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ፈታሽ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

"ጓድ፣ የባቡር ጣቢያዎችን ስም በቅደም ተከተል የያዙት ለማን ነው?"

"ለራሴ፣ የኔ ልጅ።"

"ፈሳሹስ?"

"እሱም ለራሴ።"

ጠርሙሱ በማስረጃነት ተያዘ፤ እሳቸውም ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስላቸው አረቄው አፍደም ደርሶ ነበር። አቶ ተክለጻድቅ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ በአግራሞት ነው፦ "ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አፍደም! እኔ እኮ በባቡር ይህን ያህል ፈጥኜ ሄጄ አላውቅም።"

አንድ ሥርዓት ግን ነበራቸው፤ በሥርዓታቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ጠርሙሱ ሞልቶ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኝ በሠሩለት የሱፍ ካልሲ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የልጃቸው የከበበ ዓይን ፊት ይያዛል። ከበበ ፊደል የቆጠረው በዚህ ጠርሙስ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አብሯቸው ሲሳፈር፣ ሌላው ልጅ ሀሁን በሰሌዳ ላይ ሲያይ እሱ "አቃቂ"ን በአረቄ ጀርባ አያት። ካደገ በኋላም ልማዱ አልቀረም። በር ላይ ይቆማል፣ አባቱ ጠርሙሱን ያነሳሉ፣ ልጁ አረቄው የደረሰበትን ያነባል፦ "ለገሃር!" ያኔ ጉዞ ይጀመራል።

ከዚያ የምሥራቁ ጦርነት መጣና ከበበ ዘመተ። ባቡሩም ተቋረጠ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ ዓመት ሙሉ ወሬ ካልተሰማ በኋላ፣ ከድሬዳዋ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ልጃችሁ ከበበ ፊቱ ላይ ተመትቶ ሆስፒታል ነው፤ ድኗልና ቤተሰብ መጥቶ ይረከበው ይላል። ደብዳቤው አጭር ነው፤ አቶ ተክለጻድቅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አነበቡት። የከበበ የእጅ ጽሑፍ እንደ ማተሚያ የተስተካከለ ነበር። ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

"አልሞተም፣ ተመስገን" አሉ ጎረቤቶች።

"ተመስገን" አሉ እሳቸውም። ከዚያ በዝግታ፣ "ግን ለምን ሰው ጻፈለት?"

አስቴር የስንቱን ወታደር ቁስል አጥባለች። ፊቱ ላይ የተመታ ሰው ደብዳቤውን በሰው እጅ የሚያስጽፈው ለምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ደብዳቤውን አጣጥፋ መለሰችላቸው።

ወይዘሮ እታገኝ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሄድ አልቻሉም። የሆስፒታል ነገር ታውቃለች ብለው አስቴርን ለመኗት። በጠዋት በር ላይ የቀበሌውን ደብዳቤ ሰጧትና ከነጠላቸው ሥር ካልሲ የለበሰውን ጠርሙስ አወጡ።

"አስቱዬ፣ ይዤ እሄዳለሁ ብሎኛል፤ አንቺ ያዢው። ሰክሮ ቢደርስ ልጁን አይሰጡትም።"

"እኔ? አረቄ?"

"የኔ ልጅ፣ አምላክሽ ያይሻል፤ ይገባዋል።"

እንግዲህ አስቴር፣ ጠላ ቤት ባለበት መንገድ ላለማለፍ ዞራ የምትሄደዋ አስቴር፣ በዘንቢሏ ሙሉ ጠርሙስ አረቄ ይዛ ለገሃር ገባች። ፈታሿ ዘንቢሉን ስትከፍት መጀመሪያ ያገኘችው ካልሲውን ነበር። ቡሹን አሸተተችና ሳቀች። "እህት፣ መንገዱ ረጅም ነው አይደል?" ብላ አሳለፈቻት። እጇን አንድ ስንዝር ብታወርድ ኖሮ፣ ጴንጤ በሚታሰርበት በዚያ ዘመን፣ ከሥር የተደበቀውን መጽሐፍ ቅዱስ ታገኘው ነበር። ባቡሩ ሲነሳ አስቴር ያን ጠርሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ በደግ ዓይን አየችው።

ባቡሩ እየራቀ ሲሄድ የእንጦጦ ተራራ በስተኋላቸው እንደ ሰማያዊ ሻሽ ተዘርግቶ ቀረ። ፊት ለፊታቸው ወደ ድሬዳዋ የምትመለስ አስያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ተቀምጣለች፤ አቶ ተክለጻድቅን በዚህ መስመር ከስንት ዘመን ጀምሮ ታውቃቸዋለች። አቃቂ ደረሱ። አስያ ለጭብጨባ እጇን አዘጋጀች። አቶ ተክለጻድቅ በመስኮት ያያሉ። ደብረ ዘይት። በመስኮት ያያሉ።

"ጋሼ ተክለጻድቅ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" አለች አስያ። "እኔ አረቄውን በአፌ አዙሬው አላውቅም፤ ዘፈኑን ሳልሰማ ግን ሞጆን አልፌ አላውቅም።"

"ድምፄ ዘግቷል፣ ልጄ።"

አስቴር ሰባት ዓመት የጸለየችለት ነገር ዓይኗ ፊት ሆነ። ሰውየው አልጠጡም፤ አልጠየቁም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን ያ ዝምታ አስፈራት፤ ከስካር ይልቅ አስፈራት። ሞጆ ሲደርሱ አላስችላት አለ።

"ጋሼ፣ ሞጆ ደረስን እኮ።"

"አዎ።"

"ጠርሙሱ እኔ ጋ ነው።"

"አውቃለሁ። ያዢው።"

ናዝሬት ላይ ዘንቢሉን ገፋ አደረገችላቸው። "ጥቂት ቢቀምሱ… ለብርዱ።"

"ናዝሬት ላይ ምን ብርድ አለ፣ አንቺ ልጅ?" አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አስያ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። "ያ ረቢ፣ ጴንጤዋ ትጋብዛለች፣ ሰካራሙ እምቢ ይላል!"

መተሐራን ሲያልፉ፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመስኮት እየሮጠ ሲያልፍ፣ አቶ ተክለጻድቅ ለራሳቸው ያህል ብቻ አንጎራጎሩ፤ ማንም አላጨበጨበም፦

እንጦጦን ለክቼ ጫፉ ደርሼበት፣
የልጄ መንገዱ ገመድ አጠረበት።

ከዚያ ወደ አስቴር ዘወር አሉ። "ስሚኝ። ይህን ጠርሙስ ፊቱ እይዘዋለሁ። ምንም አልናገርም። ካነበበልኝ እንደ ድሮዬ እኖራለሁ። ካላነበበልኝ…" ጣታቸውን ወደፊት፣ ወደ አዋሽ ድልድይ ቀሰሩ። "ስንመለስ ከዚያ ላይ ትወረውሪልኛለሽ። ሁለተኛ አልነካውም። ልኩ ይጠበቅ።"

አስቴር ደነገጠች። ጸሎቷ ሊሰማላት ነው፤ ዋጋው ግን የከበበ ዓይን ነው። ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ፣ ሚኤሶን፣ አፍደምን፣ ኤረርን፣ ዘንቢሉን አቅፋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሄደች። "ጌታ ሆይ፣ ሰባት ዓመት የለመንኩህን እርሳው። አልሰማሁም በል። ይጠጡ፤ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ይጠጡ። ብቻ ያንብብላቸው።" አስያ ሰማቻት መሰል፣ በበኩሏ መቁጠሪያዋን አወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ጠብቁ ተባሉ። አቶ ተክለጻድቅ የደንቡን ወረቀት ፈረሙ። ከመተላለፊያው አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ በነርስ ተደግፎ ወጣ። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። የቀኝ እጁ በጄሶ ታሽጎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የጠዋቱ ፀሐይ ፊቱ ላይ ስላረፈ ያልተሸፈነውም ዓይኑ ተጨፍኗል።

አባት አላቀፉም። አልተጣሩም። ወደ አስቴር እጃቸውን ዘረጉ። ጠርሙሱን ከካልሲው አውጥታ ሰጠቻቸው። ልጁ ሁለት እርምጃ ሲቀረው በሁለት እጃቸው አንስተው ፊቱ ያዙት። ነርሷ ግራ ገብቷት ልትናገር ስትል አስቴር ክንዷን ጨመቀቻት።

ከበበ ወደ ዛፉ ጥላ ገባ። ያ አንድ ዓይን ቀስ ብሎ ተከፈተ። በጠርሙሱ ላይ ከታች ወደ ላይ ወጣ፤ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ ሞጆን አልፎ አንገቱ ላይ ቆመ።

"ለገሃር" አለ ከበበ። ከዚያ ደነገጠ። "አባዬ! ሙሉ ነው እኮ! አሞሃል እንዴ?"

አቶ ተክለጻድቅ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አቅፈው እየሳቁ አለቀሱ። "እጁ ነው!" ይላሉ ለነርሷ፣ ለአስቴር፣ ለዛፉ። "ያልጻፈው በእጁ የተነሳ ነው! እጁ ብቻ ነው!" ከበበ በጤነኛ እጁ የአባቱን ራስ እየዳበሰ አስቴርን በአንድ ዓይኑ አያት። "ስንት ቀን ሆነው ካልጠጣ?"

"ከለገሃር ጀምሮ።"

"እንግዲያው በሽተኛው እሱ ነዋ!"

የመልሱ ጉዞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጠርሙሱ በዕድሜው ሙሉ ሆኖ ተመልሶ አያውቅም፤ ምልክቱም የተለጠፈው ለመሄጃ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ ለገሃር ይላል፤ ኤረር ላይ አቃቂ። ጉዳዩ በፉርጎው ሁሉ ፊት ቀርቦ ክርክር ተነሳ። አንዱ ጠርሙሱ ይገልበጥ ሲል፣ ሌላው ከታች ይቀዳ አለ። ኢታና እንኳ ቲኬት መፈተሹን ትቶ ሐሳብ ሰጠ። በመጨረሻ ከበበ ቆረጠው። "ለገሃር ይላል አይደል? እንግዲያው ቤታችን ገብተናል። ጠጣ፣ አባዬ።"

አቶ ተክለጻድቅ አንድ ጉንጭ ተጎነጩ፤ አንድ ብቻ። በልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈውም አንቀላፉ። የአዋሽ ድልድይ ላይ የባቡሩ ድምፅ ሲቀየር ነቁና ጠርሙሱን አስቴር ጭን ላይ አዩት። በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"አትወረውሪውም?"

"እጄን አሞኛል፣ ጋሼ።"

ረቡዕ ምእመናኑ ሲግናል ሰፈር አስቴር ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። መጋረጃው ተዘጋ። እያንዳንዱ በሹክሹክታ የምስጋናውን ርዕስ ተናገረ፤ ለጤና፣ ለሥራ፣ ለቤተሰብ ሰላም። ከግድግዳው ማዶ አንድ የታወቀ ድምፅ ስለ አቃቂና ስለ ጉሮሮ ያንጎራጉራል፤ የጎረምሳ ሳቅም ይሰማል። የአስቴር ተራ ደረሰ።

"ጌታ ሆይ" አለች ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "ሙሉ ሆኖ ስለደረሰው ጠርሙስ አመሰግንሃለሁ።"

በጸሎት መሐል መሆናቸው ነውና፣ ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያለ ምስጋና እንደሚያቀርብ ለማየት ሁሉም አንዳንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጥ አደረጉ።

ይበቃል። አስቴር ድሬዳዋ ላይ አይታለች፤ አንድ ዓይን ይበቃል።