ለጠላ ይሆናል

«ለጠላ ይሆናል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ ቢሻግትም ቢነቅዝም፣ የሚጣል እህል የለም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እንዲህ ነበሩ።

ከመሸንቲ የመጣው የኅብረት ሱቃችን በቆሎ ክረምቱን እርጥብ ወለል ላይ ከርሞ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ። በስብሰባ ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተነሥታ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ መርዙ ቢፈላም ቢጠመቅም አይጠፋም፤ ይጣል። ለከርሞው አድርቀን ከወለል ከፍ አድርገን እናስቀምጥ» አለች።

«የሕዝብን እህል ጣሉ ማለት አሻጥር ነው! ለጠላ ይሆናል!» አሉ ሊቀ መንበሩ። አጨበጨብን። ምን እናድርግ፣ አሻጥረኛ የተባለ የት እንደሚገባ ማን ያጣዋል?

ጠላው ለአብዮት በዓል ደረሰ። መጀመሪያ የተቀዳው ለእሳቸው ነበር። «እኔ እንኳ ጨጓራዬን ያመኛል» ብለው ቢራ አስከፈቱ።

እኔ ባጨበጨብሁበት እጄ ጣሳዬን ተቀብዬ ጨለጥሁ።